ባትሪው ስንት ኬላ አለው? የመሙያና የማውጫ ብቃትን በሲሙሌሽን ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት

ይሄን መመሪያ ያስጻፉኝ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን ያላቸው አንድ ሀጂ ናቸው። ግንቦት ላይ ድሬ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊት ቬንቲሌተር ከሌለ እንቅልፍ የለም። መብራት በሄደ ቁጥር እንግዳው ይነጫነጫል፣ ሀጂም ይነጫነጫሉ። "ሶላር አስገባልኝ፤ ግን መጀመሪያ በኮምፒውተርህ አስልተህ አሳየኝ" አሉኝ።

አሰላሁ። ስድስት ቬንቲሌተር፣ አንድ ፍሪጅና የኮሪደር አምፖሎች በአማካይ 400 ዋት ይወስዳሉ። ባትሪው 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት። ሶፍትዌሩ ከማታ 12 ሰዓት ተነስቶ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይዘልቃል አለ። እንዲያውም ሩብ ሰዓት ይተርፈዋል። ደስ ብሎኝ አስገዛኋቸው።

መብራት ሌሊቱን ሙሉ የጠፋበት የመጀመሪያው ቀን መጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ይሄን የነገረኝ ዘበኛው ነው። 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሁሉም ነገር ዝም አለ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ፍራሻቸውን እየጎተቱ ግቢ ወጡ። ጠዋት ስደርስ ሀጂ በፍራሾቹ መሃል ቆመው ይጠብቁኛል። "አቦ፣ ኮምፒውተርህ ሌሊት ሌሊት ይተኛል እንዴ?"

ባትሪው ምንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለብክነት ብዬ 96 በመቶ የምትል አንዲት ቁጥር ብቻ አስገብቼ ነበር። ከየት እስከ የት እንደተለካች ግን አልጠየቅኩም። ድሬ ላይ ላደገ ሰው ደግሞ ይሄ ያሳፍራል። ከጅቡቲ መስመር የሚመጣ ዕቃ በየኬላው ምን ያህል እንደሚከፈልበት እዚህ ሀገር ልጅ እንኳ ያውቃል። ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው። በየኬላው ትንሽ ትንሽ ይቆረጥበታል። የኛ ሥራ ኬላዎቹን መቁጠር፣ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ መቁረጡን ማረጋገጥ ነው።

1. ሶፍትዌሩን ሳትከፍቱ መንገዱን ሣሉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ኃይሉ ከፓነል ተነስቶ ቬንቲሌተሩ ጋ እስኪደርስ የሚያልፍበትን በተርታ ጻፉ። የሀጂ እንዲህ ነው፦ ፓነል፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጣጠረው)፣ ባትሪ ሲገባ፣ ባትሪ ሲወጣ፣ ኢንቨርተር፣ ቬንቲሌተር።

ባትሪው ሁለት ጊዜ መጻፉን ልብ በሉ። ሲሞላ አንዴ ይበላል፣ ሲያወጣ ሌላ ጊዜ ይበላል። ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል። እኔም ረስቼ ነበር።

አሁን ከእያንዳንዱ ኬላ ጎን ብቃቱን ጻፉ፤ ኤፊሸንሲ የምንለውን ማለቴ ነው። ለሀጂ የያዝኩት ቻርጅ ኮንትሮለር 0.97፣ ባትሪ ሲሞላ 0.96፣ ሲያወጣ 0.96፣ ኢንቨርተር 0.93 ነው። አባዙት። 0.83 ይመጣል። ከፓነል ከተነሳው 100 ውስጥ 83ቱ ይደርሳል ማለት ነው። በእውነቱ 83ም አይደርስም። አንድ የተደበቀ ኬላ አለ፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

መንገዱ በየቤቱ ይለያያል። ፓነል የሌለው፣ መብራት ሲኖር ከመስመር ሞልቶ ሲጠፋ የሚጠቀም ቤት ብዙ ነው። እዚያ በቻርጅ ኮንትሮለሩ ቦታ ኤሲን (ከመስመር የሚመጣውን) ወደ ዲሲ (ባትሪ ወደሚቀበለው) የሚቀይረው ቻርጀር ይገባል። ፓነሉ የራሱ ኢንቨርተር ኖሮት ባትሪው በኤሲ በኩል የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ዲሲው ኤሲ ይሆናል፣ ተመልሶ ዲሲ ሆኖ ይገባል፣ እንደገና ኤሲ ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ጻፉ።

2. ዳታሺቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እስከ የት ነው?

ቁልፉ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ዳታሺት (የአምራቹ የመረጃ ወረቀት) ላይ "ብቃት" ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ቢያንስ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ከኤሲ እስከ ኤሲ ነው። ቴስላ ፓወርዎል 2 የሚባለው የቤት ባትሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። የደርሶ መልስ ብቃቱ፣ ማለትም ከገባው ኃይል ተመልሶ የሚወጣው፣ 90 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ከግርጌ በትንንሽ ፊደል ምን እንደሚል ግን እዩ። ከኤሲ ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ኤሲ፣ በ3.3 ኪሎዋት፣ ባትሪው አዲስ ሳለ። ስለዚህ 90 ውስጥ ቻርጀሩም ኢንቨርተሩም አሉበት። ይሄን ቁጥር ወስዳችሁ ሶፍትዌሩ ውስጥ ኢንቨርተር ከጨመራችሁ፣ አንዱን ኬላ ሁለቴ ከፈላችሁ።

ሁለተኛው ከባትሪው ተርሚናል እስከ ተርሚናል ነው፤ ዲሲ ብቻ። ለብቻው የሚሸጥ ባለ 51.2 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ላይ የምታዩት ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ቀስ ተብሎ ሲሠራበት ከ92 እስከ 96 በመቶ ደርሶ መልስ ይሰጣል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ70 እስከ 85 ባለው ውስጥ ይዋልላል።

ሦስተኛው ሰው የሚያታልለው ነው። "ከ99 በመቶ በላይ" ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን የሚቆጥረው አምፔር ሰዓት ነው እንጂ ኪሎዋት ሰዓት አይደለም። 100 አምፔር ሰዓት ስታስገቡ በ54 ቮልት ገደማ ነው የምትገፉት። 99 አምፔር ሰዓት ሲወጣ በ51 ቮልት ገደማ ነው የሚወጣው። 99 በ51 ሲባዛ 5,049 ነው። 100 በ54 ሲባዛ 5,400 ነው። አካፍሉት፤ 0.935 ነው። አምፔሩ አልጠፋም፣ ቮልቱ ነው የወረደው።

ዳታሺቱ የቱን እንደሆነ ካልተናገረ ሻጩን "ከየት እስከ የት የተለካ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ለዲሲ ሊቲየም 0.92 ያዙ። ትንሽ ፈራ ተባ ያለ ቁጥር ነው። ሌሊት ላይ ግን አያሳፍርም።

3. ደርሶ መልሱን ለሁለት ክፈሉት

ብዙ ሶፍትዌር ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ የመሙያ፣ አንዱ የማውጫ። ዳታሺቱ ግን አንድ የደርሶ መልስ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ለሁለት የሚከፈለው በማጋመስ አይደለም። ስኩዌር ሩት፣ ትምህርት ቤት ዳግም ዘር ብለን የተማርነውን ተጠቀሙ። የስልካችሁ ካልኩሌተር ጎን ሲደረግ ምልክቱን ታገኙታላችሁ።

0.92 ከሆነ እያንዳንዱ ሳጥን 0.96 ገደማ ነው። 0.90 ከሆነ 0.949፣ 0.85 ከሆነ 0.922፣ 0.80 ከሆነ 0.894።

ደርሶ መልሱን እንዳለ በሁለቱም ሳጥን የሚያስገባ ሰው አለ። 0.90 በ0.90 ሲባዛ 0.81 ነው። በአንድ ጠቅታ ባትሪውን አስረጀው።

እኔ ከሀጂ ውርደት በኋላ የሠራሁት ሁለተኛ ስህተት ይሄው ነበር። ደንግጬ ስለነበር በሌላው አቅጣጫ ገደል ገባሁ። ከሌላ ካታሎግ ላይ 85 በመቶ የሚል ከኤሲ እስከ ኤሲ የተለካ ቁጥር አገኘሁ። በሁለቱም ሳጥን አስገባሁት። ኢንቨርተሩን ደግሞ ለብቻው ጨመርኩበት። ሞዴሉ ለሌሊቱ ብቻ በቀን 8.2 ኪሎዋት ሰዓት ከፓነል ያስፈልጋል አለኝ። ትክክለኛው 6.4 ገደማ ነበር። ልዩነቱ አንድ ትርፍ ፓነል ነው። ደግነቱ ሀጂ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት ያዝኩት።

"ደርሶ መልሱ አንድ ከሆነ የትኛው ሳጥን ውስጥ ቢገባ ምን ለውጥ አለው?" ትሉ ይሆናል። አለው። የኢንቨርተሩን ብክነትና ያንን የተደበቀ ኬላ ጨምሬ በሀጂ ባትሪ ሞክሬዋለሁ። ብክነቱን በሙሉ መሙያው ላይ ብትጭኑት ባትሪው 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይቆያል። በሙሉ ማውጫው ላይ ብትጭኑት 8 ሰዓት ከ50 ይሆናል። እኩል ስትከፍሉት 9 ሰዓት ከ13። የዓመቱ ድምር ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ፍራሽ የሚወጣበት ሰዓት ግን ይለያያል።

4. የባትሪው አቅምስ ከየትኛው በኩል ተለካ?

ይሄን ጥያቄ ልምድ ያላቸውም ይዘሉታል። 5.12 ኪሎዋት ሰዓት የተባለው ባትሪው ውስጥ ያለው ነው ወይስ የሚወጣው?

አምራቾች አቅም የሚለኩት ሞልተው ሲያበቁ ባትሪውን እያራገፉ ነው። ስለዚህ 5.12 ከማውጫው ኬላ ወዲህ የተለካ ነው። የማውጫው ብክነት ተቀንሶለታል። ሶፍትዌሩ ግን የአቅም ሳጥኑን ብዙ ጊዜ እንደ ውስጥ ክምችት ነው የሚያየው። ከዚያ ሲያወጣ እንደገና በ0.96 ይቀንሳል።

ሁለት መፍትሔ አለ። ወይ አቅሙን በማውጫው ብቃት አካፍሉትና 5.12 ሲካፈል ለ0.96፣ 5.33 ብላችሁ አስገቡ። ወይ ዝም በሉና ትንሽ ጨለምተኛ ውጤት ተቀበሉ። እኔ ለቤትና ለሱቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ባትሪ ያረጃል፣ ያቺ አራት በመቶ መጠባበቂያ ትሆናለች። ለጥናት ወይም ለጨረታ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን አድርጉ፣ ማድረጋችሁንም ጻፉ። የሀጂ ቬንቲሌተር የቆመው 9 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነበር። 9 ከ13 እና 9 ከ36 መካከል መሆኑ ነው። አልተገረምኩም።

እግረ መንገዴን፦ ከክፍል 3 ጀምሮ ያሉት እነዚህ ሰዓቶች በሙሉ ባትሪው እስከ 10 በመቶ ብቻ እንዲወርድ ታስቦ ነው። የመጨረሻዋን 10 በመቶ ለመጠበቅ የሚቆመው ሥርዓት የራሱ ሳጥን አለው። እሱን ብቃት ውስጥ አትክተቱት። ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ 50 በመቶ ላይ አቁሙት። ቶሎ ቶሎ ሲራገፍ አቅሙ የሚያንሰውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፖይከርት የሚባል ጀርመናዊ በ1897 የጻፈው ቀመር የሚናገረው ስለ አቅም ነው እንጂ ስለ ብቃት አይደለም።

5. የተደበቀው ኬላ

ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራም ይበላል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ይበራል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ባዶውን 50 ዋት ቢወስድ አትደነቁ። 50 ዋት በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ፔንሲዮን ይሄ ቀልድ አይደለም። ባትሪው ራሱ ከሚበላው ይበልጣል።

በበር ላይ ዕቃ ቆጥሮ የሚቀበል ሳይሆን በሰዓት የሚከፈለው ዘበኛ በሉት። ዕቃ አለፈም አላለፈም ደመወዙን ይወስዳል።

ክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከቦ አምፔር የሚያነብ መሣሪያ) ካላችሁ ለኩት። ቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ኢንቨርተሩ ብቻ በርቶ ይቅር። ክላምፑን ዲሲ ላይ አድርጉና ከገመዱ ራቅ አድርጋችሁ ዜሮ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ወደ ባትሪ የሚሄደውን አንዱን ገመድ ብቻ ክበቡት። ሁለቱንም አንድ ላይ ከከበባችሁ ዜሮ ነው የሚያሳየው። እኔ አንድ አምፔር ገደማ አነበብኩ። ባትሪው 52 ቮልት ነበር። 52 ዋት።

ስሌቱ ላይ እንዲህ ይገባል። ከባትሪ የሚወጣው = የቤቱ ጭነት ÷ 0.93 + 50 ዋት። ለ400 ዋት ጭነት 480 ዋት ይሆናል። በ93 በመቶ የተጻፈው ኢንቨርተር በዚህ ጭነት 83 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ዳታሺቱ አልዋሸም፤ 93 የሚሰጠው በደንብ ሲጫን ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ሶፍትዌሩ በየጭነቱ የሚለዋወጥ የብቃት ከርቭ ከተቀበለና ከርቩ ይሄን ባዶ ፍጆታ ጨምሮ የተለካ ከሆነ፣ 50 ዋቱን ደግማችሁ አትጨምሩ።

አሁን የሀጂን ሌሊት ሙሉውን አስሉት። 480 ዋት በ12 ሰዓት 5.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለማውጫው 0.96 ሲካፈል 6.0። 90 በመቶ ብቻ ስለምንጠቀም ለ0.9 ሲካፈል 6.67። ባትሪው ቢያንስ ይሄን ያህል መሆን ነበረበት። ጠዋት መልሶ ለመሙላት 6.0 ለ0.96፣ ከዚያ ለ0.97 ሲካፈል 6.44 ከፓነል ይጠበቃል። ለ4.8 ኪሎዋት ሰዓት 6.44። ከመቶው 75ቱ እንኳ አልሞላም።

6. የየሶፍትዌሩ ጠባይ

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ሁሉ በእጃችሁ ነው። በየሰዓቱ አንድ ረድፍ ይኑራችሁ። አዲሱ ክምችት = የቀድሞው ክምችት + የገባው ኃይል × የመሙያ ብቃት × የሰዓቱ ርዝመት − የወጣው ኃይል ÷ የማውጫ ብቃት × የሰዓቱ ርዝመት። ማውጫው ላይ ማካፈል ነው እንጂ ማባዛት አይደለም። ካባዛችሁ ባትሪው ከጎረቤት መብራት እየሰረቀ ይመስል ሲያወጣ ያተርፋል። በ15 ደቂቃ የምትሠሩ ከሆነ የሰዓቱ ርዝመት 0.25 ነው። ገደቡንም አትርሱ። ባትሪው ሊሞላ ሲል የሚቀበለው የቀረው ቦታ ለመሙያው ብቃት ተካፍሎ ነው። ሊያልቅ ሲል የሚሰጠው ደግሞ የቀረው ክምችት በማውጫው ብቃት ተባዝቶ ነው።

ሆመር አንድ የደርሶ መልስ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ዳግም ዘሩን ራሱ ያወጣል። እናንተ ካወጣችሁለት ተሳሳታችሁ። ኢንቨርተሩ በኮንቨርተር ገጽ ለብቻው ስለሚገባ፣ እዚህ የሚገባው የዲሲው ቁጥር ነው።

ሲስተም አድቫይዘር ሞዴል፣ በአጭሩ ሳም፣ በነፃ የሚወርድ ነው፤ በአሜሪካው ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ የተሠራ። እሱ ላይ የምታዩት የብቃት ሳጥን የመቀየሪያ መሣሪያዎቹ ነው። የባትሪውን የውስጥ ብክነት ከቮልቴጅ ከርቩና ከውስጥ ሬዚስታንሱ ራሱ ያሰላል። ስለዚህ የባትሪውን 0.96 መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ መጨመር ድርብ ቅጣት ነው። ፒቪሲስትም ወደዚህ ይጠጋል። የአምፔር ሰዓት ብቃትና የውስጥ ሬዚስታንስ ለየብቻ ይጠይቃል። ያ 99 በመቶ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው።

ኤነርጂፕላስ የሕንፃ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ቀላሉ የባትሪ ሞዴሉ ሁለት የብቃት ሳጥን አለው፣ ያ ጥሩ ነው። አቅሙን የሚጠይቀው ግን በጁል ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። የሀጂ ባትሪ 18,432,000 ይሆናል። 5.12 ብሎ አስገብቶ "ባትሪው ምንም አይሠራም" ብሎ ሌሊት የደወለልኝ ጓደኛ አለኝ። ከአምስት ጁል ምን ይጠበቃል!

በፓይፕሳ የምትሠሩ ደግሞ ተጠንቀቁ። የመሙያውም የማውጫውም ብቃት ካልነካችሁት 1 ነው። ፕሮግራሙ አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም። ምንም የማይበላ ባትሪ ይዛችሁ ቆንጆ ግራፍ ታወጣላችሁ።

7. የኛን ሰዓት ወደ ሶፍትዌር ሰዓት መቀየር

ይሄ ከብቃት ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። ጭነቱ በቀን ከሆነ ኃይሉ ከፓነል በቀጥታ ይሄዳል፤ የባትሪውን ሁለት ኬላ አያይም። በሌሊት ከሆነ ሁለቱንም ያልፋል። ስለዚህ ሰዓቱ ከተዛባ ብክነቱም ይዛባል።

ሀጂ "ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት" ሲሉ ከ18:00 እስከ 6:00 ማለታቸው ነው። "4 ሰዓት ላይ እንግዳ ይገባል" ሲሉ 22:00 ነው። ስድስት ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ ማታ ይሁን ጠዋት ግን ጠይቁ።

የፀሐይ መረጃውም የራሱ ሰዓት አለው። ፒቪጂአይኤስ ከሚባለው ድረ ገጽ በየሰዓቱ የሚወርደው መረጃ በግሪንዊች ሰዓት ነው። የኛ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ አናት የምትሆነው በኛ 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ግራፋችሁ ላይ የፓነሉ ጫፍ 12:00 አካባቢ መሆን አለበት። 9:00 ላይ ካያችሁት ሦስቱን ሰዓት አልጨመራችሁም።

የአየር ሁኔታ ፋይሉንም የድሬን ውሰዱ። ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ናት ብላችሁ የሷን አትጠቀሙ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር 1,880 ገደማ። ሀጂ ፔንሲዮናቸውን ጀጎል ውስጥ ቢከፍቱ ኖሮ ያን ሌሊት እንግዶቹ ብርድ ልብስ ደርበው ይተኙ ነበር፣ እኔም አልዋረድም ነበር።

ሙቀቱን ግን ባትሪው ብቃት ላይ አትጫኑት። ሊቲየም ሲሞቅ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ ደርሶ መልሱ እንዲያውም ትንሽ ይሻሻላል። ሙቀት የሚያሳጥረው ዕድሜውን ነው። ለሊድ አሲድ የተለመደው ግምት ሙቀቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ብቃት የሚያጣው ፓነሉ ነው፤ የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ የተገጠመ ፓነል በድሬ ቀትር ምን እንደሚሆን አስቡት።

8. ለደንበኛ ከማሳየታችሁ በፊት ፈትኑት

የአንድ ቀን ትንሽ ሞዴል ሥሩ። ኢንቨርተርም ፓነልም ይውጣ። ትልቅ ባዶ ባትሪ አስቀምጡና 10 ኪሎዋት ሰዓት አስገቡ። ከዚያ እስኪያልቅ አውጡት። ሁለቱም ሳጥን 0.96 ከሆነ የሚወጣው 9.216 መሆን አለበት። 9.6 ከመጣ አንዱ ሳጥን አልሠራም። 8.5 አካባቢ ከመጣ 0.92ን ሁለቴ አስገብታችኋል። 10 ከመጣ ሶፍትዌሩ ቁጥራችሁን ጭራሽ አላነበበውም።

ከዚያ ሙሉውን ሞዴል አስኬዱና የዓመቱን ድምር እዩ። ወደ ባትሪ ከገባው ላይ የወጣውን ቀንሱ፤ ባትሪው ውስጥ የተጨመረ ካለ እሱንም ቀንሱ። የቀረው የባትሪው ብክነት ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ "የባትሪ ብክነት" ብሎ ከሚያወጣው ጋር ካልገጠመ የሆነ ቦታ ኬላ ተደግሟል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ባትሪው እየሞላም እያወጣም ከታየ ደግሞ ቁሙ። እንደ ፓይፕሳ ወጪ የሚያሳንሰውን መፍትሔ ራሳቸው በሚፈልጉ ፕሮግራሞች ላይ ይመጣል። ብቃቱ 1 ከሆነ መሙላትና ማውጣት በነፃ ስለሆነ ፕሮግራሙ ግድ የለውም። መጀመሪያ ብቃቱን እዩ።

9. እውነተኛውን ባትሪ ለኩ

ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ዳታሺቱን ማመን አይጠበቅባችሁም። የኢንቨርተሩ አፕ ወደ ባትሪ የገባውንና የወጣውን በኪሎዋት ሰዓት ይመዘግባል። አጀማመሩ ላይ ነው ጥበቡ። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላበት ቅጽበት ጀምሩና፣ ሌላ ቀን ጢም ብሎ በሞላበት ቅጽበት አቁሙ። መሃል ላይ 60 በመቶ ሲል ጀምራችሁ 60 ሲል ብታቆሙ ያ 60 ራሱ ግምት ስለሆነ ልኬቱን ያበላሸዋል። ከአሥር ቀን ያላነሰ ይሁን።

የገባው 50.0፣ የወጣው 45.5 ቢሆን ደርሶ መልሱ 0.91 ነው። ዳግም ዘሩ 0.954። ያንን ሞዴሉ ውስጥ አስገቡ። በዝግታ የሚራገፍ ባትሪ ከዳታሺቱ የተሻለ ቁጥር ቢያሳይ አትገረሙ፤ አምፔሩ ሲያንስ ብክነቱም ያንሳል። ሊድ አሲድ ከሆነ ደግሞ የተገላቢጦሹን ጠብቁ። የመጨረሻዎቹ ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲሞሉ ብዙው ኃይል ውሃውን ወደ ጋዝ እየቀየረ ይባክናል። ሁልጊዜ ከላይ ከላይ ብቻ የሚሞላና የሚራገፍ ከሆነ፣ ሞዴሉ ከሚለው በታች ይሰጣችኋል።

ሀጂ ሁለተኛ ባትሪ ጨመሩ፤ 10.24 ሆነ። አሁን ሙሉ ሌሊት ይዞ ይተርፋል። የለካሁትን ቁጥር ከነቀኑ ሞዴሉ ፋይል ውስጥ ጽፌዋለሁ። ግንቦት ሲመጣ እንደገና እለካለሁ። ዘበኛው ግን አሁንም 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኢንቨርተሩን ሄዶ ያዳምጣል።